መርፌ አልባ

ቀን ሙሉ በዚህ እጅ ሕፃን ሳስለቅስ ውዬ፣
ከክትባቱ ክፍል ነጭ ጋዋኔን ጥዬ፣
በባጃጅ ፍራንኮ፣ ከዚያ በእግር ቤቴ፣
ሁለት ኪሎ ዱቄት ታቅፌ በደረቴ።

«እንቁላሉስ የታል? ወተቱስ?» አሉኝ
እትዬ ደብሪቱ፣ በመስኮት አይተውኝ።
«ሁዳዴ አይደል እንዴ!» (ረስተውት አይደለም፤
ሳይቆጣጠሩኝ ግን ጀንበር አትጠልቅም።)

እርሾውን ለብ ባለ ውሃ በጠበጥኩት፣
የወንጂ ስኳር ቆንጥሬ አበላሁት፤
ዘይት ጠብ፣ ጨው ነስነስ፣ ማሸት፣ ማሸት፣ ማሸት፤
የቀረውን ሠራው የአዳማ ሙቀት።
ሊጡ ከሻሹ ስር ቀና ቀና ሲል
ነፋስ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
«ደረሰ ወይ?» እንደሚል ችኩል እንግዳ።

የመጀመሪያው ዙር፣ እውነቱን ልናገር፣
ውጩ ከሰል ሆኖ ውስጡ ሊጥ ነበር።
እሳቱን ቀነስኩት።
ሁለተኛው ዙር ወገቡ ላይ
ነጭ መቀነት ታጥቆ ተንሳፈፈ።

ማንጎውን በሎሚ ያፈላሁት ማታ
ወፍሮ ጠብቆኛል፣ ሆኖ ማርማላታ።
በምን ይግባ ታዲያ? ከቦርሳዬ አወጣሁ
አዲስ፣ ያልተፈታ፣ ትልቁን ሲሪንጅ።
መርፌ የለውም።

ባለፈው ሐሙስ ነው ሶሬቲን የወጋኋት።
አሁን ከበሩ ጥግ፣ ግማሽ ፊቷን ደብቃ፣
ክንዷን በመዳፏ ጠብቃ፣
«ቦምቦሊኖም ያለቅሳል?» ትላለች።
«ጠይቂው» አልኳት።

ጎኑን በቢላ ጫፍ በሳሁት፣
ሲሪንጁን ቀስ፣ ቀስ አድርጌ ገፋሁት፤
ክብደቱ መዳፌ ላይ መጣ፤
ከቀዳዳው አንዲት የማንጎ ጠብታ ወጣ።

ሶሬቲ እጇን ከክንዷ ላይ አነሳች።
ጠብታዋን በጣቷ ጠርጋ ላሰች።
ትንሽ አሰበችና
«የሚቀጥለውን እኔ ልውጋው» አለች።