ስድሳ ስድስት

ሰኔ ሰላሳ ነው።
ዝናቡ ሌሊቱን ጣራ ሲደልቅ አድሮ፣
ጭቃውን ለወላጅ፣ ካርዱን ለእኔ ትቶ፣
ሄደ ወደ ዘጌ ሐይቁን ተሻግሮ።

በዓረብኛው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ፤
ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ዕድሜ ያስለመደኝ።
ክፍያችን ውድ ነው፣ ስማችንም ሩቅ፤
ከመቶ ዘጠናው ያልፋል በየዓመቱ፣
እንዴት እንደሚያልፍ ማንም አይጠይቅ።

ትናንት ዳይሬክተሩ ሻዩን እንደያዘ
ከጀርባዬ ቆሞ ዝርዝሩን ቃኘ፤
«ማለፊያው ሰባ ነው» አለኝ ለስለስ ብሎ፣
«ከሰባ በታች ስንት ልጅ ተገኘ?»
«አስራ አንድ» አልኩት።
«አስራ አንድ ወላጅ ነው፤ አስራ አንድ ክፍያ።
እኔ አላዝህም፤ እስክሪብቶው ያንተ ነው»
ብሎኝ ሻዩን ይዞ ዞር አለ ወደዚያ።

አስሩን አስተካከልኩ።
በዓረብኛው አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ናት፤
እኔም ለልጆቹ ነጥብ ነው የሰጠሁ፤
አልዋሸሁም በእውነት።
አስራ አንደኛዋ ላይ መብራት ጠፋብኝና
ረውዳ እንድሪስን እንዳለች ተውኳት፦
ስድሳ ስድስት።

አባቷ ዓሣ ሻጭ ነው፤ ከሐይቁ ዳር መጣ፣
የቆሮሶ ቅርፊት ከእጅጌው ሳይነሣ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አምባዛ ሲመዝን
ጣቱን ሚዛኑ ላይ አንድ ቀን ያልረሳ።
ዓረብኛ አያነብም። ቁጥሩን ግን አየ፤
የዓረቡ ስድስት ደግሞ ለማያውቃት ዓይን
ቁርጥ የፈረንጁን ሰባት ትመስላለች።

ፊቱ በራ። ዞሮ ለበሩ ዘበኛ፣
ለባጃጅ ሾፌሩ፣ ለማያውቃት እናት፣
«የኔዋ ናት!» አለ፤ «ሒሳብ! ሰባ ሰባት!»
ለእኔም ለውለታ ሁለት ነጭ ዓሣ
ቃል ገባልኝ ማታ፣ ከራትህ ጨምራት።

እኔ ዝም አልኩኝ። ዝም ማለት ቀላል ነው፤
ትናንት በአስር ልጅ ላይ ተለማምጄዋለሁ።

ረውዳ ግን ቆማለች ጫማዋን እያየች፣
ጭቃ የበላውን፣ ማሰሪያ የሌለው።
«አባ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሰባት አይደለችም።
ሰባት እንዲህ ናት» ብላ
ሁለት መዳፎቿን ከታች አጋጥማ
ወደ ላይ ከፈተች፣ ልክ ዱዓ እንደያዘ ሰው።
«ይቺ ስድስት ናት አባ። ስድሳ ስድስት ነው።
ማለፊያው ሰባ ነው።»

ዘበኛው ጎንበስ አለ፣ የሌለ ነገር ሊያነሣ።
ዓሣ ሻጩ ካርዱን አራቀው፣ አቀረበው፣
ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦
«መምህር፣ ሚዛኑ ልክ ነው?»

«የሷ ልክ ነው» አልኩኝ፤
ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬን ቧጦ ወጣ።
«የሷ» ያልኳትን ቃል ለአፍታ መዘናት፣
በዓይኑ፣ ምንም ሳይል፤ መልሶም ሰጠኝ።
ክብደቷን ያወቅኩት ያኔ ነው።
«እንግዲያው ክረምት አለ» አለና ደብተሯን
ከብብቱ አስገብቶ፣ በዘንባባው ሥር
ጭቃ ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ፣
እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።

ዓሣውን አልረሳም። ማታ በፌስታል
ላከልኝ፤ ሁለት ነው፣ እንዳለው። ቆጠርኩት።

ከዚያ ወረድኩ ወደ ጣና፣ ደንገሉ ወዳለበት።
የቢሮው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፣
የአስሩ ካርድ ቅጂ መሳቢያ ውስጥ።
ፔሊካኖች መጡ ሰማዩን ሰንጥቀው፣
ሁለት መስመር ሠርተው፣ ጫፉ የተጋጠመ፤
ከዚህ ሆኜ ሳየው ሰባት ይመስላል፣
ከወዲያ ታንኳ ላይ ቆሞ ላየው ግን
ተገልብጦ በዓረቡ ስምንት ይሆናል፤
ዳይሬክተራችንን ብጠይቅ ኖሮማ
«ምን አስጨነቀህ» ይል ነበር፤ «ሁሉም ያው ያልፋል።»

ረውዳ እዚህ ብትኖር፣ ጫማዋን እያየች፣
ልኩን ትነግረኝ ነበር።