የውርጭ ቃል

ጉዶ በረት ጉድ አያጣም ይላል የሚያልፍ መንገደኛ፤
ጉዱን ግን አያይም፤ ጉም ነው በር ጠባቂው የኛ።

በኅዳር ማለቂያ፣ ውርጭ ሣሩን ጨው ባስመሰለበት፣
ከሮቢት የመጣ አውቶቡስ ጎማው ፈነዳ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት።
ተሳፋሪው ፎጣውን ጆሮው ላይ ጠምጥሞ ሲንዘፈዘፍ፣
አንዱ ብቻ ወርዶ ሄደ፣ ካፖርት የለው፣ ሻንጣ የለው፣ በጭጋጉ ጫፍ።

ማንያህልሻል አልቤርጎ አራት ቁጥርን ከፈተችለት፤
ሸሚዙን አየችና አንድ ባና ጨመረችለት።
«ስም?» አለችው፣ እስክሪብቶውን በትንፋሿ እያሞቀች፤
«ወንድም» ብሎ ጻፈ። እሷም ሳታነብ መዝገቡን ዘጋች።

ሲነጋ፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ቢጠሩት የሚሰማ የለ፤
ሸንቁጤ ዘበኛው በትከሻው ገጨና «ወይ ጉድ!» አለ።
አልጋው አልተተኛበት፤ ባናው የለም፤ መስኮቱ ገርበብ፤
ከሥሩ፣ ውርጩ ላይ፣ የእግር ዱካ፣ አንድ በአንድ የሚነበብ።
ዱካው በባሕር ዛፉ አጥር ሾልኮ፣ አስፋልቱ ድረስ ሄዷል፤
አስፋልት ዱካ አይዝም፤ እዚያ ላይ ሰውየው አልቋል።

ሳጅን ላቀው መጣ፣ አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሎ፣
ተንበርክኮ ለካ፣ ሲባጎውን ተረከዙ ላይ ጥሎ።
«አርባ ሦስት ቁጥር። ግራው ወደ ውጭ ይከፈታል። ጻፍ» አለኝ።
ጻፍሁ። የጣቢያው ጸሐፊ ነኝ፤ ከመጻፍ ሌላ ምን አለኝ።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች። ቀስ ብላ፣ የማንንም ቃል ሳትቀበል፣
ያንን ሁሉ ዱካ፣ ከተረከዝ እስከ ጣት፣ አደረገችው ጠል።

ከተማው ሲያወራ ከረመ። ማገዶ ሻጯ «ጅብ ነው» አለች፤
«አጥንቱስ?» ቢሏት፣ «ጅብ መቼ ቆጥሮ ይመልሳል?» ብላ ሳቀች።
ባለወፍጮው «ሰላይ ነው» አለ።
«ምኑን ሊሰልል? ገብሱን?» ተባለ።
ላቀው ከቤት ቤት ዞረ። «ወንድም ነኝ የሚል ሰው መጥቶ ነበር፤
የማን ነው?» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ሁሉም ዘጋ በር።
አንድ ሰው ብቻ ቀረ ያልጠየቀው፦ ከኋላው የሚዞረው፣
መዝገቡን ታቅፎ፣ የሰውን ቃል የሚጽፈው።

ላቀው ጡረታ ወጥቷል። ማንያህልሻል አልቤርጎውን ሸጠች።
እንግዲህ ልጻፈው፣ እጄ መንቀጥቀጥ ሳትጀምር፣ ገና ሳለች።

ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ ከሌሊቱ ስምንት ላይ። በቤት ስሜ ጠራኝ፣
እዚህ አገር ማንም በማያውቀው። ትንፋሼን ዋጥሁ፤ አልጋዬ አሰረኝ።
ብርድ ነው አልል፤ ምድጃው ፍም ነበረው፤ በሩም ክንድ አይርቅ።
«እናታችን…» አለ። የቀረውን ነፋስ በላው። እስካሁን አላውቅ።

ጎሕ ሳይቀድ ወጣሁ። ደጄ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ የቆመ ሁለት እግር፣
ግራው ወደ ውጭ የተከፈተ፤ የአባቴ አረጋገጥ፣ የኔም ነበር።
ባናው በአራት ታጥፎ ደፉ ላይ ተቀምጧል፣ እንደ አደራ ዕቃ።
የሄደበትን አላየሁም። አላየሁም ልበል? ዞር ብዬ ነበር፣
እንዳላይ።

መጥረጊያ አነሳሁ።
በሦስት ምት ጠረግሁት። ካፖርቴን ቆልፌ ሥራ ገባሁ።
«አርባ ሦስት» ሲል ላቀው፣ እግሬን ሣሩ ውስጥ ሸሸግሁ።

መዝገቡ አልተዘጋም። «ያልታወቀ ሰው» ይላል፣ በኔ እጅ ጽሕፈት።
ባናው ሣጥን ውስጥ ነው፤ አንድ ቀንም አልለበስሁት።
በሬን አልቀረቅርም አሁን። ኅዳር ሲገባ፣ ሌሊት ሌሊት፣
ባትሪ ይዤ እወጣለሁ፤ ደጄን አበራለሁ፤
ውርጩ ወረቀት ነው፣
ማንም ያልጻፈበት።