ጎሚኒ

ለዓባይ ሳይቆጥር የሚሰጥ ተራራ
ለማርቆስ ሲሆን ግን ይሰፍራል በተራ፤
ጮቄን እያየነው፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከጄሪካን ጋራ።
ውሃው ወደ ሰፈር ሌሊት ነው የሚመጣ፣
ቧንቧው አየር ሲያስል፣ ቆጣሪው ሲቆጣ።

የሻወሩ ቁልፍ፣ ያ አሮጌ ሩቢኔት፣
ጠብ... ጠብ... እያለ ይቆጥራል ሌሊት፤
እናቴ እናኑ ሳፋ ደቅናበት
ጌሾ ታጠጣለች ጎሕ ሲቀድ፣ ማለዳ፤
«ተዪው» ትለኛለች፣ «ለእኔ አልሆነ ዕዳ።»
ዕዳው ግን በወሩ መጣ በደረሰኝ፣
ቁጥሩን ሳየው ጊዜ ሳል ሳል አሰኘኝ።

ሸጋው ሱቅ ሄድኩና ጎሚኒ ጠየቅሁት፤
«ማን ሊገጥመው?» አለ። «እኔ ነኛ!» አልኩት።
ሳቁን ከምስማር ሣጥን ሥር ደበቀው፣
የኔን እጅ አየና፣ የራሱን አወቀው፤
«አሮጌው ይምጣና በልኩ ልስጥሽ» አለኝ፣
ዝገት የበላውን ጂራቱቦ አዋሰኝ።

ሳራቺኔስካውን ዘጋሁት አጥብቄ፣
ላምባ በጨርቅ ነክሬ፣ ዝገቱን ጠብቄ፣
ጉልበቴ ግድግዳው ላይ፣ ጂራው ከአንገቱ ላይ።
እናቴ ከበር ላይ «ይሰበራል!» ስትል፣
እኔ ላቤ ሲወርድ፣ ብረቱ እንቢ ሲል፣
ድንገት ሲጥ አለና፣ እንደ መንጋጋ ጥርስ፣
እጄ ላይ ተረፈ፣ ከነዝገቱ ልብስ።

ሆዱ ውስጥ ያለው
የሱቅ ዕቃ አልነበረም።
ሰማያዊ ነው። በቢላዋ የተቆረጠ፣
ክብ ለመሆን ታግሎ ክብ ያልሆነ፣
በአንድ ጎኑ ላይ ነጥብ ነጥብ ያለበት።
ከዓይኔ በፊት አውራ ጣቴ አወቀው።

ጫማዬ ነበር። የግራ እግሬ።
ሁለተኛ ክፍል፣ ኮንጎ፣ ገና አዲስ፣
ሦስት ቀን ያልሞላው ትምህርት ቤት ሲመላለስ።
ማክሰኞ ሌሊት አልጋ ሥር አድሮ
ረቡዕ ጠዋት አንዱ ጠፋ፤
ያረጋል ነው አሉ፤ ወንድሜ ነው አሉ፣
«ውትርን ጥሎት ነው!» ሁሉም ይምላሉ።
አባቴ አንማው፣ ድመት እንኳ የማይመታው ሰው፣
ያን ቀን ግን ቀበቶውን ከወገቡ መዘዘው።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራተኛው ላይ እጁ አየር ላይ ቆመ፣
ልጁን ሳይሆን በሩን እያየ ከረመ።

በማግስቱ በዱቤ ሌላ ጫማ ገዛ፣
ቡኒ፣ ሁለት ቁጥር የሚሰፋኝ፣ የማይረባ።
መታጠቢያ ቤቱም ያን ሰሞን ደረቀ፤
ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀ።

ሃያ ስድስት ዓመት ውሃ የያዘውን
አጥቤ ለእናቴ ሰጠኋት ጎሚኒውን።
መነጽር አልፈለገች። በጣቷ ዳሰሰች፤
«ያን ሰሞን» አለችኝ፣ ሳፋውን እያየች፣
«ቢላዬ ዶልዱሞ...» ሌላ አልተናገረች።

ያረጋል ሹፌር ነው፣ ሲኖ ነው የሚነዳ፤
ደወልኩ። ደጀን ላይ፣ ከቁልቁለቱ ጫፍ፣ ዳር ይዞ አቆመ።
ነገርኩት። ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማኝ።
«ሦስት ቀበቶ አለኝ እንግዲህ» አለና፣
«ሂሳብ የሚዘጋ አባት ከየት ይምጣና!»
ሳቀ። ሳቁ መሐል አንድ ነገር ጎደለ፤
ኔትወርክ ይሁን እሱ፣ መስመሩ ዝም አለ።

አዲሱ ጥቁር ነው፣ ዙሪያው እንከን አልባ፤
ጥርሱ ላይ ቃጫዬን ጠምጥሜ ሳስገባ
ሰማያዊው ክብ ከኪሴ ውስጥ ነበር፤
ሸጋው «ጣይው» ብሎኛል። እሺ አላልኩትም።

ዓርብ ሌሊት ቧንቧው እንደ ልማዱ አሳለ፣
ሮቶው ሞላ፤ ሻወሩ ግን ጸጥ አለ።
ከመኝታዋ ሆና «ምነው?» አለች እናቴ።
«ምኑ?»
«ምንም።»
ስትገላበጥ አደረች፣ ሰማሁ ከአልጋዬ።

ሲነጋ ሳፋው ደርቋል፤ ደግማ ነካካችው፣
ገልብጣ መታችው፣ ወደ ቦታው መለሰችው፤
ደጅ ወጥታ ጄሪካን በእጄ አስያዘችኝ፣
«ጌሾው ምን አጠፋ?» ብላ ጠየቀችኝ።