አረፋ

ሌዱም ማለዳ ላይ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ወርዶ፣
እስከ ጉልበቱ ድረስ ጭቃው ውስጥ ተማግዶ፣
ሰባት ብልቃጥ ሞላ፦
ከማንግሮቩ ሥር፣ ከበሰበሰው ገላ
የተረፈ አተላ።

ድፍድፍ ይባል የለ? ጥንስሱ የማን ነው?
ድግሱ ሌላ አገር፤ አተላው እዚህ ነው።

ኒባሪ መጣችበት ቅርጫቷን አንግታ።
ድሮ ከዚህ ጭቃ ቀንድ አውጣ ለቅማ፣ ሸጣ፣
አራት ልጅ አስተማረች፤
ዛሬ በበረዶ ታሽጎ ከሩቅ የመጣ ዓሣ
ገዝታ ታጨሳለች፤
ዓይኖቿ ፍም መስለው፣
ሳሏ መዝጊያ ያጣ፣ ነፋስ የሚያንገላታው በር ነው።

«ይህን የሞተ ነገር ደግሞ ለማን ነው?»
«አልሞተም። ዘይቱን የሚበላው አለ፣ በዓይን የማይታይ።»
«አስር ዓመት ሙሉ ማዕድ ላይ ተቀምጦ
ያልጨረሰ በላተኛ! የታለ? እስቲ እንይ!»
ሳቀች።
እሱ አልሳቀም። ጥያቄዋን
እንደ ስምንተኛ ብልቃጥ ይዞት ሄደ።

ፖርት ሃርኮርት፣ ማታ። መብራት ጠፍቷል።
በጓሮ ጄኔሬተሩ ናፍጣውን ይግጣል፣
በቤት ውስጥ ብልቃጡ መናጫ ላይ ይናጣል፤
እዚያም እዚህም ያው አንዱ ዘር ይበላል።

ባክቴሪያዋ ትንሽ ናት፤ አፍም ጥርስም የላት፤
ዘይት የምትቆርጥበት ቢላ፣ አየር ነው የሰጣት።
ኦክስጅን ካልያዘች አንዲት አትጎርስም፤
ኦክስጅን ከያዘች ሳትቆስል አትውልም።
ስለቱ ባለ ሁለት፤
ሲቆርጥ ይፈናጠራል፣ ፍንጣሪው እሳት፤
ጉርሻው ሳይወርድላት ግድግዳዋ ይነዳል፣
የዘሯ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይቀደዳል፣
በሆዷ የያዘችው ብረት ይዝጋል።
በልታ ልትጠግብ ስትል
መብላቱ ራሱ በላት።

ሌዱም ከፋርማሲ የገዛውን የቁስል ማጠቢያ
ጠብ አደረገባት።
አንደኛው ሳህን ዝም።
ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ዝም።
አራተኛው ላይ፣ እጁን ሊሰበስብ ሲል፣
ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ነጭ አረፋ፤
የሚፈጃትን መርዝ ለሁለት ሰንጥቃ
ግማሹን ውሃ አድርጋ፣ ግማሹን ትንፋሽ፣
ወደ ላይ ትተፋ።
ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ነጋ።

በነጋታው ስልኩን ለኒባሪ አቀበላት።
«ይቺውልሽ በላተኛዋ።»
«ምነው፣ አረፈች እንዴ?»
«የት አርፋ! አረፋ ደፈቀች እንጂ።
በአንድ እጇ ትጎርሳለች፣
በአንድ እጇ የራሷን ቃጠሎ ታጠፋለች።
አስር ዓመቱ ለዚህ ነው።»

ኒባሪ ስልኩን ወደ ቀላው ዓይኗ አስጠጋች፤
ሳሏ መጥቶ እስኪሄድ ጠበቀች፤
ትንሽ ቆይታም፣
«ዘገየሽ ያልኩሽን ተዪልኝ በላት» አለች።

ከዚያ ወደ ጭሱ ቤት ገባች።
እንጨቱ ርጥብ ነበር።