ቅጂ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከባህል ቢሮው ጓሮ፣
አንድ መጋዘን አለ፣ በሩ በሽቦ ታስሮ።
ግማሹ ማዳበሪያ፣ ግማሹ የምርጫ ሳጥን፣
ከጥጉ አቧራ ለብሶ፣ የአንድ አውራጃ ዘፈን።

እኔ መዝጋቢ ነኝ፤ ሥራዬ ቁጥር መስጠት፣
ክሩን በአልኮል በጥጥ ከሻጋታው ማንጻት፣
ከዚያ ወደ ኮምፒዩተር አንድ በአንድ መቅዳት።

ቅጹ ዐምድ አለው ስምንት፤
ርእስ፣ የዜማው ቅኝት፣
ድምፃዊ፣ መሣሪያ፣ ቀን፣ ርዝመት፣ የክሩ ይዞታ፤
ስምንተኛው "ልዩ ልዩ"፣ ከጥፍር የጠበበ ቦታ።

ብዙው ከስሟል። አንዱ ክር እንደ ቋንጣ ደርቋል፣
አንዱ ሽለላ ጀምሮ መሀል ላይ ተቋርጧል፤
"ዘራፍ!" ብሎ የተነሣ ሰው ገና አፉን እንደ ከፈተ፣
የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በላዩ ስብሰባ ከፈተ።
የእህል ኮታ ይነበባል፤ ጭብጨባ፤ ከጭብጨባው ሥር
ያ ሰው ገና ይፎክራል፣ እንደ ተዳፈነ ፍም ሲያድር።

ሳጥን ዐሥራ ሰባት፣ ክር አራት። በእርሳስ ብቻ፦
"አንጓች። ጥር ሰባ ሁለት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ።"
መሰንቆ መቺው ስም የለው፤ ዐምዱ ላይ ቀርቷል ባዶ፣
ጣቱ ግን ጥርት ብሎ አለ፣ በአንቺሆዬ ቁልቁል ወርዶ።

ሁለቱን እንዳዘዟት፣ "ፊደል ይቆጠር" አለች፤
ሦስተኛውን ለራሷ፣ ስለ አንድ ሰው አዜመች።
ከዚያ ዝም። ክሩ ይዞራል። ወንበር ሲጢጥ ይላል። ሳል።
"ውኃ ቅዱልኝ፣ እባካችሁ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል።"
አንድ የወንድ ድምፅ (ባለ ቴፑ ልየው ይሆናል መቼም)፦
"እየቀዳን እኮ ነው፤ ቀጥዪ፣ አሁን አይቆምም።"
ሳቅ።
ቋ።
ክሩ አለቀ።

ማክሰኞ ትሁን መጣች፣ ከደምበጫ በሚኒባስ፤
"የእናቴን ዘፈን አላችሁ አሉ" አለች፣ ሳትቀመጥ፣ ሳትተነፍስ።
ሦስት ዓመቷ ነበር ስትሞት፤ ፊቷም ትዝ አይላትም።
ሦስቱንም ሰማች፣ ዐይኗ ደረቅ፤ "ሸጋ ነው፤ ግን አላውቃትም።"
ማጥፋት ረሳሁና ክሩ ሄደ፣ ወደ ዝምታው፣ ወደ ሳሉ።

"ውኃ ቅዱልኝ" ሲል ድምፁ፣ ትሁን ብድግ አለችና፣
ከጠረጴዛዬ ኮዳውን አነሣች፣ ወደ ድምፁ ዞረችና፣
ቆመች።
የምትሰጥበት አጣች።

ላህ ወንዝ እዚሁ ታች ነው፤ ያኔም ነበር፣ በጥርም አይነጥፍ፤
አንድ ጣሳ ነው የለመነች። እኛ ግን ድምፅ ስንጠልፍ
ቀዳን አልን።

ትሁን በፍላሽ ወሰደችው፤
ኮዳዬንም፣ ረስታ መሰል፣ በነጠላዋ ይዛው ሄደች።

አሁን ቅጹ ፊቴ ነው። ሰባቱን ዐምድ ሞልቻለሁ፤
ከስምንተኛው ስደርስ ግን ብዕሬን ይዤ ቀርቻለሁ።
ምን ልበል? "ሳል፣ አራት ሰከንድ"? "የጎን ወሬ፣ ይቆረጥ"?
አለቃዬስ ብሎኛል፦ "አጽዳው፤ ዘፈኑ ብቻ ይቀመጥ።"

አልቆርጠውም።
ጻፍኩ፣ ፊደሌን አሳንሼ፣ ከመስመሩ እስክወጣ ድረስ፦
"ጠምቷታል።
እስከ ዛሬ አልተቀዳም።"