ክራቫቱ

ሃይፋ፣ ዋዲ ኒስናስ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
የሸፊቅ አርባ ወጥቶ፣ ለቀስተኛው ሲሄድ ተራ በተራ፣
ናዝሚያ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፣
ከቀኝ ወደ ግራ።

ቀኝ ጫፍ ሕፃን፣ በነጭ ልብስ፣ ክርስትና ሲነሳ ሲያለቅስ፤
ቀጥሎ የወደብ ጫኝ፣ ገመድ በትከሻው፣ ፀሐይ ዐይኑ ውስጥ ስትፈስ፤
ከዚያ ሙሽራው፣ ክራቫቱ ዞሮ፤
ከዚያ ዓሣ ያልያዘ አጥማጅ፣ ባዶ ዘንግ ጨብጦ፣ ደረቱን ወጥሮ፤
ግራ ጫፍ፣ ሆስፒታል፣ ትራስ የዋጠው ፊት።
ለእሷ ዕድሜ ማለት ይኸው ነው፣ ፊደሏ የሚሄድበት።

ዚናይዳ ከታችኛው ፎቅ ሾርባ ይዛ መጣች፣
ከሠላሳ ዓመት በፊት ከኦዴሳ መርከብ የወረደች።
ድስቱን አስቀምጣ፣ መነጽሯን ጠርጋ፣
ማንበብ ጀመረች፣ እንደ ለመደችው፣ ከግራው፣ ከአልጋ።

«ዳነ እኮ!» አለች በሰባራ ዓረብኛ፣ «ከአልጋው ተነሣ፤
ባሕር ወረደ፤ እንደገና አገባሽ፤ ክራቫት ማሰሩን ግን ረሳ፤
ጎረመሰ፣ ተሸከመ፤ ከዚያ አነሰ፣ አነሰ፣
እና በነጭ ልብስ አለቀሰ።»

ናዝሚያ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ።
አፏን በእጇ ከደነች፣ ሟች እንዳይሰማ ይመስል፣ ለመደበቅ።

ባሲል፣ የልጅ ልጇ፣ ከስልኩ ቀና አለ፤
«ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች ነው ያለ፣»
ብሎ በአውራ ጣቱ ገፋ፤
አያቱም በመስታወቱ ሥር፣ ወደ ልጅነቱ፣
ጉድጓድ እንደ ገባ ሳንቲም፣ ሰምጦ ሰምጦ ጠፋ።

እኔ ይህን የምጽፈው አልፈርድም በማናቸው፤
በምጽፍበት ቋንቋ «በፊት» ያለፈው ነው፣ «ወደ ፊት» ያልመጣው፤
ሁለቱም ፊት ናቸው።
ከነገ ወዲያ አለ፤ ከትናንት ወዲያም አለ፤
«ወዲያ» ስንል ጣታችን የት እንደሚያሳይ ማን አስተዋለ?

ሌሊት፣ የሾርባው ቅባት ሲረጋ፣
ናዝሚያ ወንበሯን ወሰደች ወደ ጠረጴዛው ማዶ፣ ሳይነጋ።
ፎቶዎቹን አልነካችም፤ ሰዎቹ በአናታቸው ቆመው ነበር፤
አሁን አልጋው በቀኟ ሆነ፣ ሕፃኑ በግራዋ ዳር።
ከቀኝ ጀመረች፣ እንደ ወትሮዋ፤
ትራሱን፣ ባዶውን ዘንግ አለፈች፤
ሙሽራው ጋ ስትደርስ ቆመች።
«ሕፃኑ ይቆየኝ ገና።»
ጣቷን ሰደደች፣ ከማዶ፣
ክራቫቱን ልታቀና።