ከነአፈሯ

ጋሽ ወርቅአገኘሁ ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣
ግንፍሌ ድልድይ ዳር ችግኝ ይደረድራል፤
ጽጌረዳ፣ ኮባ፣ የፈረንጅ ጥድ አለው፣
ሁሉም በየላስቲኩ ፍግ የጠገበ ነው።

አንድ የሰኔ ማለዳ ደጄ ላይ ቆመ።
(ደጄ ማለቴ ቤተ ሙከራው ነው፣ ሳይንስ ግቢ፤
ብርጭቆ የማጥብበት፣ ሥር ቀለም የምነክርበት፣
ሃያ ሁለት ዓመት።)
በጋዜጣ ጠቅልሎ አንዲት አስታ ይዞ፣
ጫፏ ተለብልቦ፣ ቅጠሏ ደንዝዞ።

«እንጦጦ ስነቅላት ጭንጫ ላይ ነበረች፤
ምን እንደምትበላ እንጃ፣ ነጭ ለብሳ ደምቃለች።
አሳዘነችኝ። ሥሯን አራግፌ አጠብኳት፣
ከዚያ ክፉ አፈር፣ ከዚያ ድህነት አወጣኋት፤
ጥቁር አፈር ሰጠኋት፣ ዩሪያም ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩላት፤
በሦስተኛው ሳምንት እንዲህ ሆነች።
እህቴ፣ ምን አጎደልኩባት?»

ያጎደለውን ለማየት ዓይን ብቻ አይበቃም፤
የአስታ የሥር ጫፍ ከፀጉር አይወፍርም።
ከእጥበቱ የተረፈ አንድ ክር አገኘሁ፣
አፈላሁት፣ ሰማያዊ ቀለም ነከርኩት፣ ጠበቅሁ።
«ና እይ» አልኩት።
ኮፍያውን አውልቆ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣
ትንፋሹን ዋጠና እንደ ድንጋይ ሆነ።

በየሴሉ ውስጥ፣ በየጠባቡ ክፍል፣
የተጠመጠመ ክር፣ ልቃቂት የሚመስል።
«ማነው እዚህ ቤት ገብቶ የፈተለው?» አለ።
ሻጋታ ነው አልኩት፣ ከሥሯ የዋለ።

ሻጋታ!
ዳቦ የሚያስጥለን፣
እርጥብ ግድግዳ ላይ በኖራ የምንሸፍነው፣
እሱ ነው ለካ ኮምጣጣውን አፈር የሚያላምጥላት፣
የበሰበሰ ቅጠል ፈትቶ፣ እህሉን ለይቶ የሚያጎርሳት።
እሷም ከፀሐይ የሠራችውን ስኳር ታቀብለዋለች፣ በጨለማ፣
ያለ ሚዛን፣ ያለ ደረሰኝ፣ ማንም ሳይሰማ።
«አበዳሪው የቱ ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት፤
እኔ ሥር ነው የማቀልመው፣ መዝገቡን አላየሁት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል የአገሬ ሰው።
እዚህ አንበሳ የለም፤ ድሩም የሚያስረው
ራሱን ነው፣ ከተራበ ሥር ጋር።
ፍግ ሲበዛ ይላላል።

«እኔ'ኮ» አለ፣ ጋዜጣውን እያጣጠፈ፣
«ላጎርሳት ብዬ፣ የሚያጎርሳትን እጅ አጠብኩባት።»

ቅዳሜ በሽሮ ሜዳ ታክሲ ወጣን፣ ማዳበሪያ ይዘን፤
ጆንያውን ማለቴ ነው፣ ባዶውን።
ስንመለስ ረዳቱ «ምንድነው?» አለ። «አፈር።»
«ለአፈርም ይከፈላል፤ ሰው መቀመጫ ላይ ነው ያስቀመጣችሁት።»
ከፈልን።
ውስጡ አንዲት ቡቃያ ነበረች፣ የጣት ቁመት፣
ከነጭንጫዋ፣ ከነእርጥብ ቅጠሏ፣ ከነማታውቀው ጎረቤት።
የዘይት ቆርቆሮ በስተን ተከልናት።

በኅዳር የእነ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ሰፈር ለመንገድ ተፈለገ፤
አጥሩ ላይ ቀይ ቀለም፣ ቁጥር፣ ቀን ተደረገ።
እሱ ኮዬ ደረሰው፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውሃው በቧንቧ፣ ግድግዳው ነጭ፣ መስኮቱ ሩቅ።
ቆርቆሮዋን አመጣልኝ። «ንፋሱ አይመቻትም» አለ።
ትንሽ አብዝቼ አየሁት መሰል፣
«ዋ!» አለኝ፣ «እኔን ከቅጠል እንዳታመሳስይ፤
እኔ ስልክ አለኝ፤ ዕድራችንም በአውቶቡስ ይሰበሰባል።»
ሳቅን። መኪናው ላይ ቁምሳጥኑ ቀድሞ ወጣ፣
ቀጥሎ እሱ፣ ከቁምሳጥኑ ጎን፣ እንደ ዕቃ።

መስኮቴ ላይ ናት። ከጣሪያ የጠለቅሁትን ዝናብ ብቻ አጠጣታለሁ፤
ሌላ ምንም። እጄ ሊቸር ሲያምረው ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።

በየወሩ ይደውላል።
«አበበች?» ይለኛል። አበባዋ ጨው ታህላለች እላለሁ።
«ጉልት የምትቸረችረው ስንዱስ? ያ ጫማ ጠጋኙስ፣ በላቸው? የት ገቡ?»
ይኼኛውን መነጽሬ አያሳየኝም።
ቆርቆሮዋን ወደ ብርሃኑ አዞራለሁ።